ሂት ፓምፕ ላስገጥም ወይስ ይቅርብኝ? ከደሴና ከአካባቢው የሚነሱ ጥያቄዎች

ብርዱ ጠንከር ባለ ቁጥር ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝን ከቀላሉ ወደ ከባዱ ደርድሬ መልሻለሁ።

ሂት ፓምፕ ምንድን ነው? ከተራው የኤሌክትሪክ ማሞቂያ በምን ይለያል?

እስቲ የፍሪጃችሁን ጀርባ ንኩት። ይሞቃል አይደል? ያ ሙቀት ከፍሪጁ ውስጥ ተመጥጦ የወጣ ነው። ሂት ፓምፕ ይህንኑ ሥራ ወደ እናንተ አዙሮ ይሠራዋል፤ ከደጅ አየር ላይ ሙቀት ይመጥጥና ወደ ክፍላችሁ ወይም ወደ ውሃ ታንከራችሁ ያስገባል። በቱቦ ውስጥ የሚዞር ጋዝ አለው። ጋዙ ደጅ በኩል ሲያልፍ ሙቀት ይቀበላል፣ ኮምፕረሰሩ ሲጨምቀው የበለጠ ይግላል፣ ውስጥ ሲደርስ ሙቀቱን ለቆ ተመልሶ ይወጣል።

ተራው ማሞቂያ 1 ኪሎ ዋት ሰዓት መብራት በልቶ 1 ኪሎ ዋት ሰዓት ሙቀት ይሰጣል፣ ከዚያ በላይ ከየትም አያመጣም። ሂት ፓምፕ ግን በዚያችው 1 ኪሎ ዋት ሰዓት ሦስት እጥፍ ያህል ሙቀት ያስገባል፣ ምክንያቱም አብዛኛውን ሙቀት ደጅ ካለው አየር ነው የሚያመጣው። መብራቱን የሚበላው ለማጓጓዣ ነው።

ታዲያ ኤሲ ማለት አይደለም እንዴ?

ቤተሰብ ናቸው። ሁለቱንም የሚሠራ ኤሲ፣ ማለትም በጋ የሚያቀዘቅዝ ብርድ ሲመጣ የሚያሞቅ ከሆነ፣ እሱ ራሱ ሂት ፓምፕ ነው። ችግሩ ማቀዝቀዝ ብቻ የሚችል ኤሲም በብዛት መሸጡ ነው፣ በተለይ ለቆላ አገር ተብሎ የመጣው። ከመግዛታችሁ በፊት ሪሞቱን እዩት። የበረዶ ምልክት ብቻ ካለው ያቀዘቅዛል፣ የፀሐይ ምልክት ካለው ያሞቃል። ምልክቱን አይታችሁ ብቻ አትመኑ፣ ሱቁ ውስጥ አስበርታችሁ ሞቅ ያለ አየር እስኪወጣ ጠብቁ። ሲበራ የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ደቂቃዎች ቀዝቀዝ ያለ አየር ቢሰጥ አትደንግጡ።

ደሴ ብርድ ነው፣ ከብርድ አየር ምን ሙቀት ይገኛል?

ይሄ ጥያቄ እውነትም ግራ ያጋባል። ለእኛ ሰውነት ብርድ የሆነ አየር ለማሽኑ ብርድ አይደለም። ውስጡ የሚዞረው ጋዝ ከደጁ አየር በታች ስለሚቀዘቅዝ ከ5 ዲግሪ አየር ላይም ሙቀት ይስባል። ኖርዌይና ፊንላንድ ውስጥ በረዶ ላይ ቆሞ ቤት የሚያሞቀው ይሄው ማሽን ነው።

አምራቾች የማሽኑን አቅም ከሚለኩባቸው መደበኛ ሁኔታዎች አንዱ ደጁ 7 ዲግሪ ሲሆን ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ከጦሳ የሚወርደው ብርድ አጥንት ሲሰብር፣ የደሴ ሌሊት እዚያው አካባቢ ነው የሚውለው። ቀን ደግሞ ፀሐይ ስትወጣ 20 ዲግሪ አካባቢ ይደርሳል። ስለዚህ በብርድ በኩል አብሽሩ። የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው፣ እሱን ከታች እመጣበታለሁ።

ኮምቦልቻ፣ ቆቦ ወይም ባቲ ላለን ሰዎችስ?

ለክፍል ማሞቂያ አያስፈልጋችሁም። ከደሴ ተነስቶ ሐረጎን ቁልቁል የወረደ ሰው ጃኬቱን የሚያወልቀው ኮምቦልቻ ሳይደርስ ነው፤ ልዩነቱ ከ600 ሜትር በላይ ከፍታ ነው። እናንተ ኤሲ የምትገዙት ለማቀዝቀዝ ስለሆነ፣ ማሞቅ ይችላል ተብሎ ለሚጨመር ዋጋ አትክፈሉ። ለውሃ ማሞቂያ ግን ሂት ፓምፕ እናንተ ጋ ከደሴ የበለጠ ይሠራል፣ ምክንያቱም ደጁ በሞቀ ቁጥር የሚበላው መብራት ይቀንሳል።

ለክፍል ይሻላል ወይስ ለውሃ?

ለደሴ፣ ለኩታበር፣ ለወረኢሉ፣ በአጠቃላይ ለደጋው ሰው መልሴ ውሃ ነው። ክፍል የሚቀዘቅዘው ማታና ሌሊት ነው፣ ያኔ ደግሞ ብርድ ልብስና ጋቢ አለን። በብዙ ቤት ክፍሉ ማሞቂያ የሚፈልገው በዓመት ጥቂት ወር፣ በቀን ሦስት አራት ሰዓት ነው። ለዚህ ብሎ ውድ ማሽን ማስገባት አያዋጣም። የሞቀ ውሃ ግን በጋ ክረምት ሳይል በየቀኑ ይፈለጋል። ሕፃን ይታጠባል፣ ዕቃ ይታጠባል፣ ልብስ ይነከራል።

የራሴን ቤት ልንገራችሁ። እናቴ ለሱብሂ ስትነሳ ለውዱእ በማንቆርቆሪያ ውሃ ትጥድ ነበር። ጣቶቿ ከብርዱ የተነሳ አልታጠፍ ይሏታል። አንዳንድ ሌሊት ውሃው እስኪሞቅ እንቅልፍ ያሸልባታል፣ አንዳንዴም መብራት ሄዶ ይጠብቃታል። አሁን ታንከሩ ቀን የሞላውን ሙቀት ይዞ ያድራል፣ ቧንቧውን ስትከፍተው ለብ ያለ ውሃ ይወርዳል። ማሽኑ ለክፍሉ ከሚሠራው ይልቅ ይሄ ነው ለእኔ የሚበልጥብኝ።

ቆጣሪዬን ምን ያህል ያቀልልኛል?

በቁጥር እንየው። አምስት ሰው ያለበት ቤት በቀን 150 ሊትር የሞቀ ውሃ ይጠቀማል እንበል። ውሃው ከቧንቧ በ15 ዲግሪ ገብቶ 50 ዲግሪ እንዲደርስ 6 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ሙቀት ይፈልጋል። ተራ ቦይለር ያንን 6 ሙሉውን ከቆጣሪ ይወስዳል። ሂት ፓምፕ ከቆጣሪ የሚወስደው 2 ገደማ ነው። በቀን 4፣ በወር 120 ኪሎ ዋት ሰዓት ተረፈ ማለት ነው። ባልና ሚስት ብቻ ሆናችሁ በቀን 50 ሊትር የምትጠቀሙ ከሆነ ግን የሚተርፈው በወር 40 ያህል ነው፣ ለእሱ ብላችሁ ማሽን አትግዙ።

አሁን የራሳችሁን ደረሰኝ አውጡና የመጨረሻዋ ኪሎ ዋት ሰዓት በስንት ብር እንደተሰላች እዩ። ታሪፉ ብዙ በተጠቀማችሁ ቁጥር ከፍ እያለ የሚሄድ ስለሆነ፣ የምትቆጥቡት ከውዱ በኩል ያለውን ነው። ከመስከረም 2017 ጀምሮ ደግሞ ዋጋው በየሦስት ወሩ እየጨመረ ነው የመጣው፤ የዛሬ ሁለት ዓመት ያሰላችሁትን ስሌት ጣሉት። የሂት ፓምፑና የተራው ቦይለር የዋጋ ልዩነት በወር በምትቆጥቡት ብር ሲካፈል ስንት ወር ይመጣል? ከአምስት ዓመት በላይ ከመጣ እኔ ብሆን አላደርገውም።

ቤቴ የጭቃ ነው፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። ክፍሌን ማሞቅ ብፈልግስ?

መጀመሪያ ሙቀቱ የሚሸሽበትን ቀዳዳ ድፈኑ። የጭቃ ግድግዳ ራሱ ክፉ አይደለም፣ በደንብ ከተመረገ ከብሎኬት የተሻለ ሙቀት ይይዛል። ሙቀት የሚጨርሰው ጣሪያው ነው። ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ሂት ፓምፕ መክፈት ደጁን ለማሞቅ መሞከር ነው። የማዳበሪያ ወይም የአቡጀዲ ኮርኒስ ካላችሁም አቧራ ይከለክላል እንጂ ሙቀት አይዝም።

ለዛሬ ማታ አንድ ሥራ ልስጣችሁ። ንፋስ ሲነሳ ጧፍ ወይም ሻማ አብሩና በበሩ ዙሪያ፣ በመስኮቱ ጠርዝ፣ ኮርኒሱ ከግድግዳው በሚገናኝበት መስመር ቀስ እያላችሁ አዙሩት፣ መጋረጃና የአቡጀዲ ኮርኒስ አጠገብ ስትደርሱ ግን ራቅ አድርጋችሁ ያዙ፣ እሳት ነውና። ነበልባሉ የሚያጎነብስበት ቦታ ሁሉ የብርድ መግቢያ ነው። እኛ ቤት ከመኝታ ክፍሉ በር በላይ ባለው ማዕዘን ላይ ነበልባሉ ሙሉ በሙሉ ተጋደመ። ጣት የሚያስገባ ክፍተት ነበር፣ ኮርኒሱን የሠራው ሰው ሳይዘጋው ትቶት ዓመታት አልፈዋል። በስፖንጅ ጠቅጥቀን በሲሊከን ዘጋነው፣ ከበሩ ሥር በጨርቅ የተጠቀለለ አሸዋ አደረግን። ብዙ ወጪ አልጠየቀም፣ ክፍሉ ግን በዚያው ሳምንት ሌላ ክፍል ሆነ።

እዚህ ላይ አጥብቄ የምነግራችሁ ነገር አለ። ቀዳዳ በዘጋችሁበት ቤት ከሰል አታስገቡ። ቀድሞ ያ ቀዳዳ ብርድ ቢያስገባም ጭሱንም ያስወጣ ነበር። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ አይታይም፣ ራስ ምታትና ድካም ብቻ ይመስላል፣ ከዚያ ሰው ይተኛና አይነሳም። ቡናው በረንዳ ላይ ይፈላ፣ ወይ በርና መስኮት ይከፈት። የከሰል ምድጃ ይዞ በሩን ዘግቶ መተኛትማ ፍጹም አይሞከርም፣ ቀዳዳ ባልተዘጋ ቤትም ቢሆን።

ሶላር የውሃ ማሞቂያ አይሻልም?

ለብዙ ቤት ይሻላል። ወሎ ፀሐይ አያጣም፣ ሶላሩ ኮምፕረሰር የለው፣ ጋዝ የለው፣ መብራት አይበላ። ግቢያችሁ ወይም ጣሪያችሁ ላይ ከጠዋት እስከ ማታ ፀሐይ የምታገኝ ቦታ ካለችና ጣሪያው ክብደቱን ከቻለ፣ መጀመሪያ እሱን ጠይቁ።

ሶላሩ የሚያስቸግረው ሐምሌና ነሐሴ ላይ ነው። ደሴ በጉም ተሸፍና ሳምንቱን ሙሉ ፀሐይ ሳይታይ ሲያልፍ፣ ውስጡ ያለው የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ነው የሚሠራው፣ ያኔ ተራ ቦይለር ሆነ ማለት ነው። የመስታወት ቱቦ ያለውን ደግሞ ትልልቅ በረዶ ሲጥል ይሰብረዋል። ጣሪያችሁ በጎረቤት ፎቅ ወይም በባሕር ዛፍ ጥላ የተሸፈነ ከሆነ፣ ወይም እንግዳ ማረፊያ፣ ፀጉር ቤትና የመሳሰለ ሥራ ኖሯችሁ ክረምት ከበጋ ብዙ የሞቀ ውሃ የምትፈልጉ ከሆነ፣ ያኔ ሂት ፓምፑ ያሸንፋል።

መብራት እየሄደ እየመጣ፣ ቮልቴጁ እየወረደ እንዴት ይሆናል?

የሚያሳስበኝ ያልኳችሁ አንዱ ይሄ ነው። ኮምፕረሰር ዝቅ ያለ ቮልቴጅ አይወድም። 220 መሆን የነበረበት 160 ሲሆን ሞተሩ ለመነሳት ይታገላል፣ ይግላል፣ በመጨረሻ ይቃጠላል። መብራት ሄዶ ወዲያው ሲመጣም እንደዚያው ነው፣ ጋዙ ገና ጫናውን ሳያራግፍ ይነሳበታል። ስለዚህ ቮልቴጅ ሲወርድና ሲወጣ የሚያቋርጥ፣ ሲመለስ ደግሞ ቢያንስ ሦስት ደቂቃ የሚያቆይ መከላከያ ግዙ። ዲቫይደር ላይ አትሰኩት፣ የራሱ ብሬከርና የራሱ መስመር ይኑረው፣ ኧርዝም ይሠራለት።

ደስ የሚለው ነገር ደግሞ አለ። የእንጀራ ምጣድ ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ይስባል፣ ሻወር ላይ የሚገጠመው ማሞቂያ ከዚያም ይብሳል። የቤት ውሃ ሂት ፓምፕ ግን ብዙ ጊዜ ከ1 ኪሎ ዋት አይበልጥም። ሰፈሩ ሁሉ ምጣድ ሲጥድ መብራቱ የሚደበዝዝበት ቦታ ለምትኖሩ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ታንከር ያለው ስለሆነ ደግሞ መብራት በሚሻልበት ሰዓት አሙቆ ያስቀምጣል።

ተከራይ ነኝ፣ ላስገባ?

አታስገቡ። ግድግዳ ይበሳል፣ ቧንቧ ይቀጠላል፣ ስትለቁ ነቅሎ መውሰዱ ራሱ ሌላ ወጪ ነው። ቀዳዳ መድፈኑንና የበር ሥር ጨርቁን ግን ዛሬውኑ አድርጉት። አከራያችሁ ይግጠምላችሁ የሚሉ ከሆነ፣ ቆጣሪው የጋራ ነው ወይስ የየራስ የሚለውን መጀመሪያ ተነጋገሩ።

ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣልን። ታንከሩ ባዶ ቢቀርስ?

ከቧንቧ በቀጥታ አታገናኙት። በሮቶ በኩል ይለፍ፣ ሮቶው ደግሞ ከሂት ፓምፑ ታንከር ከፍ ብሎ ይቀመጥ፣ ምክንያቱም የሞቀውን ውሃ ገፍቶ የሚያወጣው ከሥር የሚገባው ቀዝቃዛ ውሃ ነው። መግቢያው ላይ ውሃ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚከለክል ቫልቭ ይግባ፣ ጫና ሲበዛ የሚተነፍሰው ቫልቭም ፈጽሞ እንዳይዘለል። በባዶ ታንከር ማሽኑን ማስነሳት ክልክል ነው።

ጀበናችሁ ውስጥ ነጭ ቅርፊት የሚሠራ ውሃ ከሆነ ያው ቅርፊት ታንከሩ ውስጥም ይሠራል። አብዛኛው ታንከር ውስጥ ዝገቱን በራሱ ላይ የሚወስድ የማግኒዚየም ዘንግ አለ፣ በዓመት በሁለት ዓመት አስከፍታችሁ እዩት፣ ካለቀ ይቀየር። ዘንጉ ሲያልቅ ዝገቱ ወደ ታንከሩ ይዞራል።

የት ላስቀምጠው?

አየር የሚዘዋወርበት፣ ከዝናብ ጣሪያ ያለው ቦታ። ሙቀት መጥጦ ቀዝቃዛ አየር ስለሚተፋ መኝታ ክፍል አጠገብ ወይም ጠባብ ቁም ሳጥን ውስጥ አይሆንም። አንድ የማውቀው ቤት ባለሙያው ማውጫውን ወደ ኮሪደር አዙሮባቸው፣ ውሃው ሞቆ ሰዎቹ በረዷቸው። ድምፅም አለው፣ የጎረቤት መስኮት ሥር አታቁሙት። የሚያንጠባጥበውን ውሃ ወደ ቦይ ምሩት፣ የጭቃ ግድግዳ ሥር ከፈሰሰ ግድግዳውን ይበላዋል።

ሰዓት ማስያዣ ካለው ከቀኑ 6 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት እንዲሠራ አድርጉት። ያኔ ደጁ ሞቃት ነው፣ ያንኑ ውሃ ባነሰ መብራት ያሞቃል፣ ለማታም ለሱብሂም ይደርሳል።

የደሴ ከፍታ ማሽኑን አይጎዳውም?

አቅሙን ይቀንሰዋል። ይህን ሻጮች አይነግሯችሁም፣ ብዙዎቹም አስበውት አያውቁም። ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። እዚህ ያለው አየር ከባሕር ወለል ካለው በሩብ ያህል የሳሳ ነው፣ ለዚህ ነው ውሃ 100 ሳይደርስ 92 ዲግሪ አካባቢ ላይ የሚፈላው። የማሽኑ ማራገቢያ ያንኑ መጠን አየር ቢገፋም አየሩ ቀላል ስለሆነ የሚያመጣው ሙቀት ያንሳል። ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ቁጥር ደግሞ ለዝቅተኛ ቦታ የተለካ ነው።

ስለዚህ ሁለት ነገር አድርጉ። ማኑዋሉን አውጥታችሁ እስከ ስንት ሜትር ከፍታ እንደተፈቀደ አንብቡ፤ አንዳንዱ 2,000 ሜትር ላይ ያቆማል፣ እሱን ደሴ ላይ ብትገጥሙት ዋስትናው ላይሠራላችሁ ይችላል። ሌላው፣ ልክክ ያለ መጠን አትግዙ፣ አንድ ደረጃ ከፍ ያለውን ውሰዱ። ኮምቦልቻ ዘመድ ቤት አሪፍ ሲሠራ ያያችሁት ማሽን ደሴ ላይ ተመሳሳይ ውጤት ላይሰጥ ይችላል፣ ተበላሽቶ አይደለም።

ውሃውን ስንት ዲግሪ ላይ ላድርገው? ዝቅ ካደረግሁት መብራት ይቆጥባል አሉኝ።

እውነት ነው፣ ይቆጥባል፤ ሂት ፓምፕ ከ60 ይልቅ 50 ላይ በጣም ይቀለዋል። ግን ከ20 እስከ 45 ዲግሪ ባለ የቆመ ውሃ ውስጥ ሌጂዮኔላ የሚባል ባክቴሪያ ይራባል፣ ከሻወር በሚበተን ደቃቅ የውሃ ጠብታ ወደ ሳንባ ሲገባ ከባድ የሳንባ ምች ያመጣል። 50 ላይ አቆዩትና በሳምንት አንድ ቀን 60 እንዲደርስ አድርጉት። ብዙ ማሽኖች ይህን በራሳቸው የሚያደርጉበት ማስተካከያ አላቸው፣ ሲገጠም አስከፍቱት። አረጋውያንና ሳንባቸው የታመመ ሰዎች ያሉበት ቤት ይህን ቸል አይበል። 60 የሆነ ቀን ልጆች እንዳይቃጠሉ ቀዝቃዛው ቀድሞ ይከፈት።

ቢበላሽ ማን ይሠራልኛል? ጋዝስ በየዓመቱ ይሞላል?

ጋዝ አይሞላም። ጋዙ እንደ ነዳጅ የሚያልቅ ነገር አይደለም፣ በተዘጋ ቱቦ ውስጥ እየዞረ ዕድሜውን ይጨርሳል። አንድ ባለሙያ በየዓመቱ ጋዝ ልሙላ ካላችሁ ቱቦው ቀዳዳ አለው ማለት ነው፣ ቀዳዳው ሳይደፈን የተሞላ ጋዝ ተመልሶ ይወጣል።

ምርጫ ካላችሁ ጋዙ ከፋብሪካ ታሽጎ የሚመጣውን፣ እኛ ጋ የውሃ ቧንቧ ብቻ የሚቀጠልለትን ዓይነት ውሰዱ። ደጅና ውስጥ ተብሎ ለሁለት ተከፍሎ የሚቀመጠው ዓይነት ሲገጠም ቱቦው በፓምፕ አየሩ ተመጥጦ መውጣት አለበት፣ ይህን ሥራ በጋዙ ነፍቶ ለመጨረስ የሚሞክር ሰው ካያችሁ አስቁሙት፣ የቀረው አየርና እርጥበት ኮምፕረሰሩን ይገድለዋል። ማሽኑ ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍም አንብቡ። አር 290 ካለ ፕሮፔን ነው፣ አር 32ም በመጠኑ ይቀጣጠላል፣ የእነዚህን ቱቦ ጋዙ ሳይወጣ በእሳት ልበይድ የሚል ሰው እንዳይነካው።

ከመክፈላችሁ በፊት ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ውስጥ ያንን ማሽን የሚጠግን ሰው ስልክ ከሻጩ ተቀበሉና እዚያው ቆማችሁ ደውሉ። ቦርዱ ቢቃጠል መለዋወጫው ከየት እንደሚመጣና በስንት ቀን እንደሚደርስ ጠይቁት። መልስ ካልሰጣችሁ ገንዘባችሁን ይዛችሁ ውጡ።